የሲስተር አስካለ በረዶ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ረፋድ ላይ ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ካለው ቤቴ ደጃፍ ወንበር አውጥቼ እቀመጣለሁ። ጎረቤቴ ሐጂ ሙክታር በዚያ ሲያልፉ ቆም ይሉና ሁልጊዜ ያችኑ አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል።

«ግርማ፣ እስቲ ዛሬ እንኳ በወጉ ንገረኝ። ያን ሁሉ ዘመን ሆስፒታል ውስጥ ምን ነበር የምትሠራው?»

«ደም ነበር የማየው ሐጂ።»

«ደምማ እኔም አይቻለሁ! ስንት በሬ አርጃለሁ!» ይሉና በከዘራቸው እግሬን ነካ አድርገው እየሳቁ ይሄዳሉ።

እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ውስጤ ግን ብግን ይላል። ሰው ዕድሜውን የጨረሰበት ሥራ በአንድ በሬ ሲመነዘር ደስ አይልማ! እንግዲህ ይህን የምጽፈው አንደኛ ለሐጂ ሙክታር ነው። ሁለተኛ ደግሞ ዛሬ በእኔ ቦታ ለተተኩት ልጆች ነው። ፍሪዘሩ በበረዶ ተሞልቶ ሳለ ሽማግሌው ግርማ የሰው ባል በረዶ እንዲገዛ ለምን ወደ ጁስ ቤት ይልክ እንደነበር ሲጠይቁኝ፣ መልሱን አሳጥሬ መናገር አልችልበትም። የባለታሪኮቹን ስም ለውጫለሁ። ጻፈው ብለው የፈቀዱልኝ ግን ራሳቸው ናቸው።

ትውልዴ ሸዋ ነው። አባቴ ፖስታ ቤት ተቀጥሮ ወደ ጅማ ሲመጣ እኔ በእናቴ ጀርባ ታዝዬ መጣሁ። ኦሮምኛዬ እስከ ዛሬ ይሰባበራል፤ ቢሆንም ከመናገር አፍሬ አላውቅም። ከላቦራቶሪ ትምህርት ቤት ስወጣ የመጀመሪያ ምድቤ አጋሮ ሆነ። ቡና ሲለቀም ወባም አብሮ ይለቀማል እንል ነበር፤ ከየአገሩ የመጣ ለቃሚ በር ላይ እየተንቀጠቀጠ ተሰልፎ ይጠብቀናል፣ እኛ ከጣቱ ደም ወስደን መስታወት ላይ እናሰጣለን። ስለ ደመወዙ ባላወራ ይሻላል። ዓይኔ ግን እዚያ ተሞረደ።

ከአጋሮ ወደ ጅማ ተዛውሬ የደም ክፍል ስገባ ሲስተር አስካለን አገኘሁ። አጭር፣ ድምፀ ጎርናና፣ የመሳቢያዎቹን ቁልፍ ሁሉ በአንገታቸው አንጠልጥለው የሚዞሩ ሴት ነበሩ። ሲራመዱ መጀመሪያ ቁልፉ ይሰማል፣ ቀጥሎ ቁጣው ይደርሳል። አንድ ቀን ደም ቀድቼ ብልቃጡን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ፣ ስሙን ኋላ እጽፈዋለሁ ብዬ ዞር አልኩ። ስመለስ ብልቃጡ የለም። ማጠቢያው ውስጥ ደፍተውታል።

«ሲስተር! ሴትየዋ እኮ በስንት መከራ ነው የተቀዳችው!»

«ስም የሌለው ደም የማንም አይደለም። ሂድና ይቅርታ ጠይቀህ እንደገና ቅዳት።»

ሄድኩ፤ ሴትየዋም ሰደበችኝ። ከዚያ በኋላ ብልቃጥ ላይ ስም ሳልጽፍ ከበሽተኛ ፊት ተነስቼ አላውቅም።

ሌላው ልማዳቸው ግን ያበሽቀኝ ነበር። ባልና ሚስት አብረው ሲመጡ፣ ሚስትየዋ ተቀምጣ ክንዷን ሳትዘረጋ ወደ ባልየው ዞረው «ወንድሜ፣ ማሎ፣ እባክህ፣ ከጁስ ቤቱ ትንሽ በረዶ አምጣልኝ፤ ደሙ ይሞቅብናል» ይላሉ። ባል ደስ ብሎት ይሮጣል፤ ለሚስቱ ደም በረዶ ማምጣት ቀላል ወግ ነው እንዴ! አማት አብራ ከመጣች ደግሞ «እማማ፣ እርስዎም አብረው ይሂዱልኝ፤ ወንድ ልጅ በረዶው ንጹሕ ይሁን አይሁን አያይም» ብለው እሷንም ይሸኛሉ። ባልየው በፌስታል የሚንጠባጠብ በረዶ ይዞ ሲመጣ አመስግነው፣ መርቀው ይቀበሉታል። እንግዶቹ ከወጡ በኋላ ያን በረዶ ማጠቢያው ውስጥ ሲደፉት በዓይኔ አይቻለሁ። አንዴ ሁለቴ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አይ አባካኝ ሴት እያልኩ በሆዴ አማቸው ነበር። አንድም ቀን ግን ለምን ብዬ አልጠየቅኳቸውም።

ሲስተር ጡረታ ወጡና ልጃቸው ዘንድ ሰኮሩ ገቡ። ጊዜውም ሄደ። በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ መሠራት ሲጀምር አለቆቼ እኔን ለሥልጠና አዲስ አበባ ላኩኝ። ተከላው የሚሠራው እዚያ ነው። እኛ ጅማ ላይ የታማሚውንና የለጋሹን ታሪክ እንይዛለን፣ ደም እንወስዳለን፣ የመጀመሪያውን ማጣሪያ እንሠራለን።

ሐጂ፣ እዚህ ላይ ልብ ብለው ይስሙኝ። በእያንዳንዱ የሰውነታችን ሴል ላይ «እኔ የዚህ ቤት ነኝ» የሚል ምልክት አለ። በሙያው ኤች ኤል ኤ ይባላል። ምልክቱን የሚሠራው ዘረመል ከእናትና ከአባት ነው የሚወረሰው። አባት ሁለት የቡና መሬት አለው እንበል፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ከሁለቱ አንዱን ይሰጣል። እናትም ሁለት አላት፤ እሷም አንዱን ትሰጣለች። ስለዚህ ሁለት እህትማማቾች ወይም ወንድማማቾች ከሁለቱም ወገን ያው መሬት ሊደርሳቸው ይችላል፣ ግማሹ ብቻ ሊገጥም ይችላል፣ ምንም ላይገናኙም ይችላሉ። በሁለቱም ወገን የገጠመ ወንድም ለኩላሊት ከተገኘ ከዚያ ወዲያ ምን ይፈለጋል!

ነጭ የደም ሴሎቻችን ደግሞ ዘበኞች ናቸው። እንግዳ ምልክት ሲያዩ ጥቃቅን የመልእክት ሞለኪውሎች ይረጫሉ። የገጠር ኡኡታ በሉት። አንድ ቤት ኡኡ ሲል መንደሩ ዱላውን ይዞ ይሮጣል፤ ሌባ ይሁን እንግዳ ቆሞ የሚጠይቅ የለም። የሚብሰው ደግሞ እነዚህ ዘበኞች አንዴ ያዩትን አይረሱም። ሁለተኛ ሲያዩት ኡኡታው ፈጣን ነው፤ የሚወጣውም ዱላ ብዙ።

ሴት ልጅ ስታረግዝ የባሏን ምልክት በሆዷ ትሸከማለች፤ ከፅንሱ ግማሹ የአባቱ ነዋ! አንዳንዷ ሰውነቷ ያን ምልክት ይመዘግበዋል፤ የሚቃወም ፀረ እንግዳ አካልም ይሠራል። ፅንሱን ባይጎዳም ትዝታው ይቀራል። ስለዚህ ባል ለሚስቱ ኩላሊት ሊሰጥ ሲመጣ ስንት ጊዜ እንዳረገዘች ማወቅ ግድ ነው። የወለደችውን ብቻ አይደለም፤ የጨነገፈውንም፣ ሁለት ወር ቆይቶ የወረደውንም።

ይህን ሁሉ ተምሬ ጅማ ስመለስ ዘመኑ ተለውጦ ጠበቀኝ። አዲሱ አለቃችን ጠዋት ጠዋት ጣቱን መስኮት ላይ እያሸ አቧራ የሚፈልግ ወጣት ዶክተር ነበር። ትልቅ ፍሪዘር አስገዛ። የመጀመሪያውን ቀን ፊቱ እየበራ «ጋሽ ግርማ፣ ከእንግዲህ ይህ የጁስ ቤት በረዶ እዚህ ክፍል እንዳይገባ፤ የጀርም መናኸሪያ ነው» አለኝ። አልተከራከርኩም። እንዲያውም እሰየው ነው ያልኩት። የሲስተር አስካለ ብክነት በመጨረሻ ቀረ አልኩ።

ዘምዘምና ነጂብ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ዘምዘም ከአጋሮ ወጣ ካለች መንደር ናት፤ ሠላሳ ያልሞላት፣ ሁለቱም ኩላሊቷ የደከመ። ጅማ ቤት ተከራይተው በሳምንት ሁለቴ ሦስቴ እየተመላለሰች የኩላሊት እጥበት ታደርጋለች። ነጂብ ባሏ ቡና ሰብሳቢ ነው፤ እሸት ከገበሬ ይገዛል፣ በመኸር ጊዜ ወደ አዲስ አበባም ይመላለሳል። ተጫዋች ሰው ነው። ገና በሩን ሲገባ «ጋሽ ግርማ፣ ወላሂ ሁለቱንም ኩላሊቴን ውሰዱና ለሷ ስጧት፤ እኔ በጫት እኖራለሁ» ብሎ አሳቀን። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳብ አደረገች።

አስቀመጥኳቸው። ነጂብ እጇን ይዞ ከጎኗ ተቀመጠ። እንደ ደንቡ ጠየቅኩ።

«ዘምዘም፣ ስንት ጊዜ አርግዘሽ ታውቂያለሽ?»

እሷ ሳትመልስ ነጂብ ቀደመ። «አንድ! አንዲት ሴት ልጅ አለችን፤ አላህ ያሳድጋት።»

ዘምዘምን አየኋት። «እሱ እንዳለው ነው» አለች።

በአገራችን አባወራ ለሚስቱ ሲመልስ ማቋረጥ ነውር ነው። አንድ ብዬ መዘገብኩ። ትምህርቱን አውቀዋለሁ፣ ጥያቄውንም በትክክል ጠይቄያለሁ። ባልየው ግን ክፍሉ ውስጥ ነበር።

የነጂብን ነጭ ሴሎች ለይቼ ከዘምዘም ደም ከወጣው ውሃ ጋር በትንንሽ ጠብታ አገናኘኋቸው። ደሟ የእሱን ሴሎች የሚጠላ ከሆነ ይሞታሉ፤ የሞተ ሴል ቀለሙን ይጠጣና በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጠቁሮ፣ አብጦ ነው። ካልጠላቸው ግን ቀለሙን ወደ ውስጥ አያስገቡም፣ ጥርት ብለው ያበራሉ። የነጂብ ሴሎች አበሩ! ከጠብታ ጠብታ እያለፍኩ ባይ ሁሉም አበሩ። አዲስ አበባም ደግመው ሠሩትና ንጹሕ ነው አሉ። አንዱን ወሊድ ሁላችንም እናውቃለን፤ ፍተሻው ንጹሕ ሲሆን ግን ይህን ያህል አላሳሰበንም።

ተከላው ተሠራ፤ ኩላሊቱም ወዲያው ሽንት መሥራት ጀመረ። ነጂብ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝቶ ደወለልኝ። «ጋሽ ግርማ! የኔ ኩላሊት ከኔ ይልቅ ለሷ ይታዘዛል!» አለ። እኔም በደስታ ያን ቀን ለባልደረቦቼ ሁሉ ጁስ ጋበዝኩ።

ሳምንት አልሞላም። ትኩሳት ያዛት፣ ሽንቱ ቀነሰ፣ ከዚያ ጭራሽ ቆመ። ኡኡታው ተነስቶ ነበር። ሐኪሞቹ ያላቸውን መድኃኒት ሁሉ አፈሰሱባት፣ አልበረደም። ኩላሊቱ ጠቁሮ ወጣ። ዘምዘም በነፍስ ተረፈች፣ ወደ ጅማ ወደ እጥበቷ ተመለሰች።

ከአዲስ አበባ የላቦራቶሪው ሐኪም ደወለልኝ። «ጋሽ ግርማ፣ አሁን ደሟ በባሏ ምልክት ላይ በተነሳ ፀረ እንግዳ አካል ተሞልቷል። ይህን ያህል በፍጥነት የሚነሳው ከድሮ የሚያውቀውን ሲያገኝ ነው። በፍተሻው ጊዜ ተኝቶ ስለነበር አላየነውም፤ ብዙ እርግዝና መኖሩን ብናውቅ ግን ጠለቅ አድርገን እንፈትሽ ነበር። እርግጠኛ ነዎት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያረገዘችው?»

ስልኩን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። ነጂብ እጇን ይዞ ሲመልስ፣ እሷ ነጠላዋን ሳብ ስታደርግ ታየኝ። በማግሥቱ ፈቃድ ጠይቄ ሰኮሩ ሄድኩ።

ሲስተር አስካለ ከመንገድ ዳር ካለው የልጃቸው ሱቅ በር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አርጅተዋል፣ ቁልፉ ግን አሁንም አንገታቸው ላይ ነው፤ የሱቁ ቁልፍ ሆኗል። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳያቋርጡኝ ሰሙና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ባልየው የት ነበር?»

«አጠገቧ።»

«ለበረዶ አልላክኸውም?»

«ሲስተር፣ ፍሪዘር ገዛን እኮ።»

ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ በንዴት ይሁን በሐዘን አላወቅኩም። «አንተ ሰው! በረዶው ለደሙ መስሎህ ነበር? ጁስ ቤቱ እኮ አስፋልቱን ተሻግሮ ነው። ወንዱ ሄዶ እስኪመለስ ሴትዮዋ ለመናገር ጊዜ ታገኛለች። ለዚህ ነበር።»

«ታዲያ ምን ነበር ያኔ ቢነግሩኝ?»

«ብነግርህ ኖሮ በዓይንህ ታስታውቅ ነበር። ባሎቹም ይነቁብኝ ነበር። ስደፋው አይተኸኛል፤ ለምን ብለህ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?» አሉኝ። ቀጥለውም «እኔም ስወጣ ልነግርህ ይገባኝ ነበር» አሉ። እጄን ያዙኝ። እንዲህ ሲለሰልሱ አይቻቸው አላውቅም፤ ከስድባቸው ይልቅ ያ ነው የጎዳኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ባልና ሚስቱ ለደም ምርመራ ሲመጡ ነጂብ ያ ጨዋታው ጠፍቷል። ጎኑን ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ ገባ። «ነጂብ፣ ማሎ፣ ከጁስ ቤቱ ትንሽ በረዶ አምጣልኝ» አልኩት። ሄደ። በሩን ዘጋሁና ዝቅ ብዬ በተሰባበረው ኦሮምኛዬ ጠየቅኳት። ያልተወለዱትንም ቁጠሪልኝ አልኳት።

ዘምዘም ብዙ አላመነታችም። ሦስት ጣቷን አወጣች። ከልጅቷ በኋላ ሦስት፤ ሁለቱ ገና በጠዋቱ የወረዱ፣ አንዱ ግን አራት ወር ያለፈው።

«ነጂብ አያውቅም?»

«አያውቅም። እናቱ ወንድ ልጅ አልወለደችም፣ ሌላ አግባ እያለች ስትጨቀጭቀው እሰማለሁ። ሆዷ አይይዝም ከተባልኩ አለቀልኝ አልኩ። እሱ አዲስ አበባ ሲሄድ እናቴ ቤት እየሄድኩ…» ወደ በሩ አየች። «ጋሽ ግርማ፣ በአላህ፣ እንዳይነግሩት። ኩላሊቱን አስቆርጬ ሌላ ሐዘን ልጨምርበት?»

«ከእኔ አፍ አይወጣም» አልኳት። ለሐኪሞቹ ብቻ ማሳወቅ እንዳለብኝ ነገርኳት፣ ተስማማች። ነጂብ በረዶውን ይዞ ገባ፤ አመሰገንኩት። እንደ ሲስተር አድርጌ ሲወጡ ደፋሁት።

አሁን ለዘምዘም የቀራት ተስፋ ወንድሟ አህመዲን ነበር። አጋሮ አካባቢ የቡና እጥበት ጣቢያ የሞተር ሠራተኛ ነው፤ ኮስታራ፣ ንግግሩ የተቆጠረ። ደሙን ስንመረምር ከሁለቱም ወገን ገጠመ! ከአባት ያው፣ ከእናት ያው። አዲስ አበባም አረጋገጡ። በደሟ የተነሳው ጠላትነት ሁሉ ለነጂብ ምልክት ነው፤ የአህመዲንን ግን ደሟ እንደ ራሷ ያየዋል። ከደስታዬ ብዛት ወንበሬን ገልብጬ ተነሳሁ።

አህመዲን ግን ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሼ፣ እህቴን እወዳታለሁ። እኔም ግን የልጆች አባት ነኝ። የነጂብን ኩላሊት በሳምንት ውስጥ የበላው ነገር ምንድን ነው? ንገሩኝ። ምክንያቱን ካላወቅኩ አልሰጥም።»

«ያንተ ይለያል፣ ያንተ ይገጥማል።»

«የነጂብም ይገጥማል ብላችሁ ነበር እኮ!»

እውነቱን ነው። ምክንያቱ ደግሞ በእጄ አለ፤ ግን የእኔ አይደለም። ዘምዘም ካልተናገረች ወንድሟ አይሰጥም፤ ወንድሟ ካልሰጠ ዘምዘም ትሞታለች። ለእጥበቱ መርፌ የሚሆን ደም ሥር ክንዷ ላይ እየጠፋ ነበር። ይህን ስነግራት «እንግዲያው ልሙት፤ አላህ ያሻውን ያድርግ» አለችኝ። ተናደድኩ። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ አልኩ።

እዚያ ነው ነጂብን ያገኘሁት፤ አግዳሚው ላይ ብቻውን ተቀምጧል።

«ጋሽ ግርማ፣ ጫቱ ነው አይደል?»

«ምኑ?»

«ኩላሊቴን ያበላሸው። ጫት ነው፣ ወይ አንድ የበላሁት ሐራም ነው። ሰው ለሚስቱ የሰጠው ነገር እንዴት ይገማል? የቡና ንግዱን ትቼዋለሁ። ገበሬው ፊት ምን ብዬ እቆማለሁ?» ጉንጩ ገብቷል። ያ ሁለቱንም ውሰዱ ያለው ሰው አልነበረም። «ኩላሊትህ ምንም አልነበረበትም» አልኩት፣ አላመነኝም።

ተመልሼ ወደ ዘምዘም ገባሁ። ምሥጢሯን አላወጣሁም፤ ያየሁትን ግን ነገርኳት። «ልጄ፣ አንቺ ሰውዬውን ከሐዘን እያዳንኩት ነው ብለሻል። እሱ ግን እኔ ነኝ የገደልኳት እያለ ራሱን እየበላ ነው። ጫቱን ይከሳል፣ እጁን ይከሳል።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ነጂብ? ነጂብ ነው እንዲህ የሚለው?»

«እሱ ራሱ።»

ዘወር አለች። እኔም ሥራዬን ቀጠልኩ።

በሌላው የምርመራ ቀን ሦስቱም መጡ፤ ዘምዘም፣ ነጂብና አህመዲን። ጓንቴን ሳጠልቅ ነጂብ ከወንበሩ ተነሳ፤ ልማዱን አውቆታል።

«በረዶ ላምጣ ጋሽ ግርማ?»

አፌን ስከፍት ዘምዘም ቀደመችኝ። «ዛሬ በረዶ አያስፈልግም። ተቀመጥ ነጂብ።»

ነገረችው። መሬት መሬት እያየች፣ አንዱንም ሳትዘል፤ የአማቷን ጭቅጭቅ፣ የእናቷን ቤት፣ ሦስቱንም። «ያንተ ኩላሊት ደህና ነበር» አለች በመጨረሻ፤ «በነዚያ እርግዝናዎች የተነሳ የኔ ገላ ነው ያልተቀበለው። ጋሽ ግርማን ጠይቀው።»

ነጂብ ተነሳ። በሩን ከፍቶ ወጣ። አህመዲን ሊከተለው ሲል ያዝኩት። ዘምዘም ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ሄደ፣ በቃ፣ ትዳሩም ተስፋውም አከተመ አልኩ። ሲስተር አስካለ እዚህ በነበሩ ምን ይሉኝ ነበር ብዬም አሰብኩ።

ተመለሰ። በእጁ ፌስታል ሙሉ በረዶ ይዟል፤ በክንዱ እየወረደ እጅጌውን አርሶታል። ፊቱም እርጥብ ነው።

«ለምን እንደሄድኩ አላውቅም» አለ። «እግሬ ወሰደኝ።» ፌስታሉን አቀፈና ተቀመጠ። «ሦስት?»

«ሦስት።»

«አራት ወር ያለፈው… ወንድ ነበር?»

«አላየሁም። እናቴ ናት የቀበረችው።»

«የት?»

«እሷው ጓሮ፣ ከእንሰቱ ሥር።»

«ስንት ጊዜ እዚያ ጓሮ ውስጥ ቆሜያለሁ! ምነው ዘምዘም? ምነው ብትነግሪኝ? እናቴን ነው ያገባሽው ወይስ እኔን?» ጮኸባት፤ እሷም አለቀሰች። ማንም አልከለከለው፤ መብቱ ነው። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለና ወደ እኔ ዞረ።

«ጋሽ ግርማ፣ ኩላሊቴን የጣለው ገላዋ እነሱን ስላልረሳ ነው?»

«ሐኪሞቹ የሚሉት እንደዚያ ነው። ያንተን ምልክት በእነሱ ነው ያወቀው።»

«ሁሉንም ያስታውሳል?»

«ትልቋንም ጨምሮ።»

በረዶው ጭኑ ላይ ይንጠባጠባል፣ ልብም አላለው። «አልሐምዱሊላህ» አለ። «እኔ አባታቸው ሳላውቃቸው፣ የሚያስታውሳቸው ነበረ።»

እኔ ዕድሜ ልኬን በበሽተኛ ፊት አልቅሼ አላውቅም። ያን ቀን ዞር ብዬ ወደ ፍሪዘሩ አለቀስኩ።

ለአህመዲን ማስረዳቱ የእኔ ሥራ አልሆነም። ነጂብ ራሱ አስፋልቱ ዳር አቁሞ፣ በኦሮምኛ እጁን እያወናጨፈ፣ ስለ ሁለቱ የቡና መሬት ሲነግረው በመስኮት አየሁት። ምሳሌውን ከእኔ ነው የሰማው፤ ከእኔ አሳምሮ ተናገረው። አህመዲን ሲመለስ «አሁን ገባኝ። ውሰዱ» አለና ክንዱን ዘረጋ።

ኩላሊቱ ያዘ። ዘምዘም ዘበኞቹን የሚያስተኛውን ክኒን በየቀኑ ትውጣለች፤ በሁለት ወገን ቢገጥምም እሱ አይቀርም። ነጂብ ወደ ቡናው ተመለሰ። ሌላ ሚስት አላገባም፤ እናቱን ምን እንዳላቸው አልጠየቅኩም፣ ብቻ ከዚያ ወዲህ አብረው ሲመጡ ሴትዮዋ የዘምዘምን ቦርሳ ራሳቸው ይዘው ነው።

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ሲቀረኝ ለክትትል መጡ። በእኔ ቦታ የምትተካዋ ልጅ፣ ትጉህና ፈጣን ነገር፣ አስቀመጠቻቸው። በረዶውን ገና አልነገርኳትም ነበር። እስክሪብቶዋን አንስታ ዘምዘምን «ስንት ልጆች አሏችሁ?» አለቻት።

ነጂብ እንደ ድሮው ቀድሞ ሊመልስ አፉን ከፈተና ተወው። ወደ ሚስቱ ዞሮ ጠበቀ።

«አራት» አለች ዘምዘም። «አንዷ ቤት ናት።»

ልጅቷ ግራ ገብቷት ወደ እኔ አየች። ነጂብ የሚስቱን እጅ ይዞ ጣሪያ ጣሪያ ያያል።

«አራት ብለሽ ጻፊ» አልኳት።